«70 ጥቅል ልግዛ?» ስለ ካሜራ ፊልምና ስለሚሠሩት ፋብሪካዎች

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አባቴ ሲያርፍ ዜኒት ካሜራውን ትቶልኝ ነበር። ከሁለት ዓመት ወዲህ በሱ ማንሳት ጀምሬ በወር ሁለት ጥቅል ያህል እጨርሳለሁ። ፊልሙን የምታመጣልኝ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ናት። ኮዳክ ሊዘጋ ነው ሲባል ሰምቼ ደንግጫለሁ። ለፋሲካ ስትመጣ 70 ጥቅል ከለር አስመጥቼ ፍሪዘር ውስጥ ላስቀምጥ ብያለሁ። ገንዘቤን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ? ደግሞ ከአባቴ ሳጥን ውስጥ ሁለት የኮዳክሮም ጥቅል አግኝቻለሁ፤ የተነሳባቸው ይመስላሉ። የት ላሳጥባቸው?»

70ውን አትግዛ። ኮዳክሮሞቹን (የኮዳክ የድሮ ከለር ፊልም ነው) ደግሞ ለማንም ፎቶ ቤት አትስጥ፣ ወደ መጨረሻ እመለስባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ወሬውን እናጥራው። ኢስትማን ኮዳክ በኦገስት 2025 ባወጣው የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ በ12 ወር ውስጥ የሚደርስ ትልቅ ዕዳ እንዳለበትና በዚህ ምክንያት በሥራ መቀጠሉ ላይ ጥርጣሬ እንዳለ ጽፏል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እንዲህ ያለውን ነገር እንዲጽፍ የሂሳብ ደንቡ ያስገድደዋል። ዜናው ግን እየተቀባበለ ሲሄድ «ኮዳክ ተዘጋ» ሆነ። ኩባንያው ወዲያው ወጥቶ አልዘጋም፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ በሚተርፈው ገንዘብ ዕዳዬን እከፍላለሁ አለ። ልብ በል፣ ኮዳክ በጃንዋሪ 2012 የምር የኪሳራ ጥበቃ ጠይቆ ፍርድ ቤት ገብቶ ያውቃል። በሴፕቴምበር 2013 ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በኩባንያው ከተማ በሮቼስተር፣ ኒው ዮርክ፣ ያለው የፊልም ማሽን ሥራውን አላቆመም። ኩባንያ መክሰርና ማሽን መቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንተን የሚመለከትህ ሁለተኛው ነው።

ሌላም የተሳሳትከው ነገር አለ፣ ብዙ ሰው እንደሚሳሳተው። ፊልም የሚፈልግ ሰው ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጥቶ አሁን ሊያልቅ የተቃረበ ይመስልሃል። አይደለም። ገበያው የወደቀው ከ2000 በኋላ ባሉት አሥር ምናምን ዓመታት ነው፤ ገደል ነበር። ኮዳክ በ1988 145 ሺህ ያህል ሠራተኛ ነበረው፣ በ2007 ሮቼስተር ላይ የራሱን ሕንጻዎች በፈንጂ ሲያፈርስ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። ኮኒካ ሚኖልታ በ2006 ከፎቶ ሥራ ጠቅልሎ ወጣ። አግፋፎቶ በ2005 ከሰረ። ከገደሉ ሥር ግን ገበያው መልሶ ቀና ብሏል። በ2022 ኮዳክ የሚጠየቀውን ያህል ፊልም ማቅረብ አቅቶት ከ300 በላይ ሰው ቀጥሯል፣ በኖቬምበር 2024 ደግሞ ማሽኑን ለማደስ ለሳምንታት ምርት አቁሟል። ሊዘጋ ያሰበ ሰው ጣራ አያድስም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ማሽኑ ላይ ነው። ይህን ካልገባህ ሌላው ሁሉ አይገባህም፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላስረዳ።

ፊልም ማለት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጀላቲን ነው። ጀላቲኑ ከከብት አጥንትና ቆዳ ይወጣል፣ ውስጡ የብር ጨው ተበትኖበታል (ብር ስልህ ማዕድኑን ነው፣ የኪስህን አይደለም)። ጥቁርና ነጭ ፊልም ጥቂት ንብርብር ይበቃዋል። ከለር ግን ከአሥር የሚበልጡ ንብርብሮች አሉት። አንዱ ቀይ ብርሃን ይይዛል፣ ሌላው አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ፣ በመሃል ማጣሪያና መለያያ አለ። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ውፍረቱ ከአንድ የራስ ፀጉር ያንሳል። ቅቡ የሚቀባው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው፣ ፕላስቲኩ እየሮጠ፣ አንድ አቧራ እንኳ ሳያርፍበት።

የሚቀባው ፕላስቲክ ስፋቱ ከ1 ሜትር በላይ ነው፣ ርዝመቱ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ። እስቲ አሳንሰን 1 ሜትር በ1000 ሜትር እንበለው። ያንተ ፊልም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ 36 ፎቶ የሚያነሳው ጥቅል ደግሞ 1.6 ሜትር ያህል ይረዝማል። አካፍለው፦ ጎን ለጎን 28 ቁራጭ፣ በቁመት 625፣ በጠቅላላው 17,500 ጥቅል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ተቀብቶ የሚያልቅ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው።

የሠርግ ብረት ድስት አስበው። ለ500 ሰው ወጥ ሲሠራበት ግሩም ነው። ለሁለት ሰው ሽሮ ጣድበት ብትባል ግን ከሥሩ ያርርብሃል፣ ከሽሮው ይልቅ ድስቱን ለማጠብ የምትደክመው ይበልጣል። የፊልም ማሽንም እንዲሁ ነው። ቀስ ብለህ አታስኬደውም፣ ግማሹን አጥፍተህ በግማሹ አትሠራም። ቅቡ እኩል የሚሆነው በታሰበለት ፍጥነት ሲሄድ ብቻ ነው። ማሞቂያው፣ ማድረቂያው፣ አየር ማጣሪያው፣ ባለሙያው፣ ለአንድ ጥቅልም ለሚሊዮንም ወጪያቸው ያው ነው። ስለዚህ ገበያ ሲቀንስ ፋብሪካው አብሮ አይቀንስም። የሚያዋጣው ልክ ላይ እስኪደርስ ይሠራል፣ ከዚያ በታች ሲወርድ አንድ ቀን ቀጥ ይላል። ፊልም እንደ ሻማ ቀስ በቀስ አያልቅም፤ እንደ መብራታችን ነው የሚጠፋው።

አሁን ይህን ድስት ማን እየሞላው እንደሆነ ጠይቅ። እኔና አንተ አይደለንም። ሲኒማው ነው።

ድሮ እያንዳንዱ ሲኒማ ቤት የራሱ ቅጂ ያስፈልገው ነበር። የሁለት ሰዓት ፊልም አንድ ቅጂ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ቅጂው ደግሞ በሺዎች ይባዛ ነበር። ሲኒማ ቤቶች ወደ ዲጂታል ሲዞሩ ይህ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተነነ። የኮዳክ የሲኒማ ፊልም ሽያጭ በ2006 ከነበረበት 12.4 ቢሊዮን ጫማ በ2014 ወደ 449 ሚሊዮን ጫማ ወረደ። ከመቶው 96 ጠፋ ማለት ነው። ያኔ ማሽኑ ሊቆም ነበር። ክሪስቶፈር ኖላንን፣ ኩዌንቲን ታራንቲኖንና ጄ ጄ ኤብራምስን የመሰሉ ዳይሬክተሮች ስቱዲዮዎቹን ወጥረው ያዙ፣ ስቱዲዮዎቹም በየዓመቱ ይህን ያህል እንገዛለን ብለው ፈረሙ። ማሽኑ የተረፈው በዚያ ነው።

ዳይሬክተር አንድ ቀን ሙሉ በፊልም ሲቀርጽ ምን ያህል እንደሚበላ ታውቃለህ? የ1000 ጫማ ጥቅል ካሜራው ውስጥ 11 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ያ በአንተ ካሜራ ሲሰላ 190 ጥቅል ነው። አንተ በስምንት ዓመት የምታነሳው እነሱ ቡና ሳይፈላ ያልቅባቸዋል። ስለዚህ የከለር ፊልም ዕድሜ ስንት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ የኮዳክን የአክሲዮን ዋጋ ትተህ ሆሊውድ ስንቱን ሥራ በፊልም እየቀረጸ እንደሆነ ተመልከት። አሁን ባለው ሁኔታ የሚያስደነግጥ ምልክት አላየሁም።

«ኮዳክ ቢቀርስ ሌላ አለ» የሚለኝም አይጠፋም። ሱቅ ስትገባ ብዙ ዓይነት ካርቶን ታያለህ፣ እውነት ነው። ግን ካርቶን ሌላ፣ ፋብሪካ ሌላ። ሲኔስቲል የሚባለው ካርቶን ውስጥ ያለው የኮዳክ የሲኒማ ፊልም ነው። ፉጂፊልም እንኳ 400 የሚለው ፊልሙ ካርቶን ላይ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ ተብሎ ተጽፏል። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሠራ አንድ ቦታ ነው ያለው፣ ስሙን አንተው ሙላው። ፉጂ ራሱ ከጊዜው ቀድሞ የነቃ ኩባንያ ነው። የጀላቲንና የቅብ እውቀቱን ይዞ ወደ መዋቢያ ቅባት፣ ወደ ስክሪን ፕላስቲክና ወደ መድኃኒት ሄደ፣ የሲኒማ ፊልም በ2013 አቆመ። የሚንከባከበው ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣውን ኢንስታክስን ነው፣ እሱማ በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ካሜራ የሸጠበት ጊዜ አለ። የአንተን ዓይነት ፊልም ግን እንደ እንጀራ ልጅ ነው የሚያየው።

ሌሎችም እየሞከሩ ነው፣ አልክድም። ኢልፎርድ የሚባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠራው የእንግሊዙ ሃርማን በዲሴምበር 2023 ፊኒክስ የሚባል የመጀመሪያ የራሱን ከለር አወጣ። ደፋር ሥራ ነው፣ ነገር ግን ፍሬው (የምስሉ ነጠብጣብ) ጎላ ጎላ ያለ፣ ጥላና ብርሃኑ የከረረ ነው። ላኪ የሚባለው የቻይና ኩባንያም በ2025 ወደ ከለር ተመልሷል። እነዚህ ከኮዳክ እኩል እስኪደርሱ ዓመታት ይፈጃል። ከለር እንዲህ በቀላሉ አይለመድም።

የቆመ ማሽን መልሶ ማስነሳት ለምን እንደሚከብድ የኤንስኬዴ ታሪክ ይበቃሃል። ፖላሮይድ በ2008 የቅጽበት ፊልም መሥራት ሲያቆም፣ ኔዘርላንድ ኤንስኬዴ ያለውን ማሽን ጥቂት የድሮ ሠራተኞችና አጋሮቻቸው ገዝተው አዳኑት። ማሽኑ አለ፣ ሰዎቹ አሉ። ኬሚካሉ ግን የለም፤ ይሠሩላቸው የነበሩት ድርጅቶች አብረው ዘግተዋል። ቀመሩን ከባዶ መፈልሰፍ ነበረባቸው፣ በ2010 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም ብርሃን ሲነካው የሚበላሽ፣ መልኩ የሚከዳ ነበር። ጣሊያን ውስጥም ፌራኒያ ፋብሪካን ለማስነሳት በ2014 ከሕዝብ ገንዘብ ተሰብስቦ ከለር ስላይድ (ሲታጠብ ትክክለኛው ምስል ራሱ ፊልሙ ላይ የሚታይበት) እናወጣለን ተባለ፣ በ2017 የወጣው ጥቁርና ነጭ ሆነ። ኮዳክ ራሱ፣ ማሽኑም ባለሙያውም እያለው፣ ኤክታክሮም የሚባለውን ስላይድ ፊልሙን እመልሳለሁ ብሎ በጃንዋሪ 2017 ካወጀ በኋላ ገበያ ላይ ያደረሰው በ2018 መገባደጃ ነው። ለቀጣይም እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። አንድ ትንሽ የኬሚካል ድርጅት «ይህን ምርት አቁመናል» ብሎ አንድ ኢሜይል ሲልክ አንድ ፊልም ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም አንተም ልጅህም እስክታረጁ አይጠፋም። የሚሠሩት ብዙ ናቸው፦ ኢልፎርድ፣ የቼኩ ፎማ ከ1921 ጀምሮ፣ ኮዳክ፣ ሌሎችም። ቀመሩ ቀላል ነው፣ ፋብሪካዎቹም ከትንሽ ገበያ ጋር መኖር ለምደዋል። ኢልፎርድ በ2004 ከስሮ የራሱ ሥራ አስኪያጆች ገዝተው ልኩን አሳንሰው ያዳኑት ነው። ከለር ኔጋቲቭ ሮቼስተር ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ይኖራል፣ ዋጋው ግን ይጨምራል እንጂ አይወርድም። የብር ማዕድን ዋጋ በኦክቶበር 2025 በአንድ አውንስ ከ50 ዶላር አልፏል። ስላይድ ፊልም ግን በጣም የሚያሰጋው ነው፤ ከወደድከው አሁን አንሳበት።

አሁን ወደ 70ው ጥቅልህ። 70 ጥቅል ለአንተ የሦስት ዓመት ፊልም ነው። ለምን አልከለከልኩህም ብለህ በኋላ እንዳታማኝ፦ ከለር ፊልም ፍሪዘር ውስጥ ቢገባም ያረጃል። ብርዱ ኬሚካሉን ያዘገየዋል፣ ከሰማይ የሚመጣውን ጨረር ግን አያግደውም፣ ፈጣኑ ፊልም (በትንሽ ብርሃን የሚያነሳው) ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። እኛ አገር ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ መብራት። ፍሪዘሩ በሳምንት ሁለቴ ቀልጦ ሁለቴ ከበረደ ፊልሙ ላይ ጤዛ ይዞ ይጣበቃል። እኔ ራሴ አንዴ 30 ጥቅል እንዲህ አበላሽቻለሁ፣ የሥጋውንም የፊልሙንም ሐዘን አንድ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ለአንድ ዓመት የሚበቃህን፣ 25 ጥቅል ያህል፣ ግዛ። ግማሹን ጥቁርና ነጭ አድርገው። ከፕላስቲክ ማሸጊያው ሳታወጣ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት አሽገህ ፍሪዘሩን ትተህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጥ። ስታወጣው ሳትከፍት ሁለት ሰዓት ያህል ይሙቅ።

እህትህን አንድ ነገር አደራ በላት፣ ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ ከታ ለጭነት እንዳትሰጥ። የጭነት ሻንጣ የሚፈተሽበት የኤክስሬይ ማሽን ፊልም ያበላሻል። በእጅ የሚያዘው ሻንጣ ላይም አዳዲሶቹ የሲቲ ማሽኖች አንድ ጊዜ ቢያልፍም ጉም ያለብሱታል። በግልጽ ከረጢት ለብቻው ይዛ «በእጅ ፈትሹልኝ» ትበል። አሜሪካ ላይ ከጠየቀች አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይሏታል። ሌላ ቦታ ሁልጊዜ አይሳካም፣ ስለዚህ በቀጥታ በረራ ብትመጣ ይሻላል።

የተረፈህን የ45 ጥቅል ገንዘብ ምን ላድርገው ካልከኝ፣ ጥቁርና ነጭ ማጠብ ተማርበት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ፊልም ኖሮ የሚያጥበው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ከለር ማጠብ 37.8 ዲግሪ ላይ ሙቀቱን አንቆ መያዝ ይፈልጋል፤ ትንሽ ሲዛባ ቀለሙ ይከዳል። ጥቁርና ነጭ ግን በ20 ዲግሪ፣ በአንድ ታንክና በአንድ ጨለማ ቁም ሣጥን ይሠራል። ዲ-76 የሚባለው የኮዳክ ማውጫ (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ቀመሩ ለዘመናት የታወቀ ነው፦ ለአንድ ሊትር ውሃ ሜቶል 2 ግራም፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100 ግራም፣ ሃይድሮኩዊኖን 5 ግራም፣ ቦራክስ 2 ግራም። የትኛውም ኩባንያ ቢከስር ይህን ማንም አይወስድብህም። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት።

ደግሞ ላስቅህ፣ በቡና የሚታጠብበት መንገድም አለ። በ1995 ሮቼስተር ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር የሞከሩት ነው፦ ውሃ ውስጥ ወዲያው የሚሟሟ የዱቄት ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ በኋላ ደግሞ ቫይታሚን ሲ ተጨመረበት። ይሠራል። የሚሸተው ግን አይነገርም። የይርጋጨፌ ቡናህን እንዳታባክን፣ ለዚህ የሚሻለው ርካሹና መራራው ነው ይላሉ የሚያውቁት። ማጽኛው (የወጣውን ምስል የሚያጸናው ፈሳሽ) ግን ቡና አይሆንም፣ ሶዲየም ታዮሰልፌት መግዛትህ አይቀርም።

ካሜራውንም አትርሳ። የአባትህ ዜኒት ከፊልሙ በፊት ሊያስቸግርህ የሚችል ነገር ነው። መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ዘይቱ ይደርቃል፣ ፍጥነቱ ያኔ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው መሆኑ ቀርቷል። መካኒካል ካሜራ ፈትቶ የሚገጥም ሽማግሌ የምታውቅ ከሆነ ዘንድሮውኑ ውሰድለት፣ አጠገቡ ቁጭ ብለህም እጁን ተመልከት። የእሱን ሙያ የሚተካ ፋብሪካ የለም።

ኮዳክሮሞቹ ላይ ልጨርስ። ኮዳክሮም እንደ ሌላው ፊልም አይታጠብም። ቀለሙ ፊልሙ ውስጥ የለም፣ በሚታጠብበት ጊዜ ነው የሚገባው፣ ለዚህም የራሱ ልዩ ማሽን ነበረው። ፊልሙ በ2009 ተቋረጠ። በዓለም ላይ የቀረው የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት ፓርሰንስ፣ ካንሳስ የነበረው ሲሆን በ2010 መጨረሻ ላይ መቀበል አቆመ። ስለዚህ በከለር የሚያወጣልህ ፎቶ ቤት የለም፣ «አወጣልሃለሁ» የሚልህ ካጋጠመህ ጥለኸው ውጣ። እዚህ ፎቶ ቤት ለተለመደው ከለር ማሽን ከሰጠኸው ደግሞ ባዶ ፕላስቲክ ይመልሱልሃል፣ የፎቶ ቤቱንም ኬሚካል ያበላሻል። በጥቁርና ነጭ ግን ሊወጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የቆዩ ፊልሞችን ብቻ የሚያጥቡ ቤቶች አሉ። እህትህ ስትመለስ በእጇ ትውሰዳቸው፣ ከማስረከቧ በፊትም ከዚህ በፊት የኮዳክሮም ሥራ ሠርተው እንደሆነ ናሙና እንዲያሳዩዋት ትጠይቃቸው። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ትስጥ። ጭጋጋማ ሆኖ ቢወጣም የሰው ፊት ከለየ፣ ያኔ ሁለተኛውን ትልካለች።